ለግድግዳ ሥዕል የቱ ይሻላል፦ ፍሬስኮ ወይስ የተለጠፈ ሸራ?

በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ የሥነ ጥበብ ሙዚየም መወጣጫ ደረጃ ግድግዳ ላይ ያለው የፈረንሳዊው ሠዓሊ ፒዩቪ ደ ሻቫን ሥዕል «ቅዱስ ደን» (1884) ፍሬስኮ (በእርጥብ የኖራ ልስን ላይ የሚሣል ሥዕል) ይመስላል። አይደለም፤ በዘይት ቀለም ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሸራ ነው።

ፍሬስኮ፦ ኖራው ሳይደርቅ ይሣላል፣ ስለዚህ ለአንድ ቀን ሥራ የሚበቃው ብቻ ይለሰናል። ኖራው ሲጠነክር ቀለሙን ይዞት ይቀራል። የተሳሳተውን ለማረም ግን ልስኑን ፍቆ እንደገና መለሰን ነው። ፕሩሺያን ሰማያዊ የሚባለው ጥቁር ሰማያዊ ቀለምም ኖራን አይቋቋምም።

ሸራ፦ ስቱዲዮ ውስጥ ተረጋግቶ ይሣላል፣ ይታረማል፣ ከዚያ ይለጠፋል (በጣና ገዳማትም የታወቀ ነው)። ከሥሩ አየር ከቀረ ያብጣል፣ ግድግዳው ከረጠበ ይላቀቃል። የዘይቱ ወዝ ደግሞ ያብረቀርቃል፤ ፒዩቪ ፈዛዛና ወዝ አልባ ቀለም ይመርጥ ነበር።

ግድግዳው ደረቅ ሆኖ ሠዓሊው እዚያው መዋል ከቻለ ፍሬስኮ፤ ሕንፃው ሰው የሚመላለስበት ከሆነ ሸራ።