ዝዝታው የሬዲዮው ነው ወይስ የቻርጀሩ? ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ይህን በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። መካከለኛ ሞገድ፣ አጭር ሞገድና ኤፍ ኤም ይቀበላል፤ ጣቢያ አመራረጡ ትክክለኛ ነው፤ በኤፍ ኤም በኩል ምንም ቅሬታ የለኝም። ስለ እሱ በሰፊው እንድጽፍ ያነሣሣኝ በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ላይ ደካማ ጣቢያዎችን የሚውጠው ዝዝ የሚል ድምፅ ነው፤ በዚሁ ድምፅ ምክንያት ደህና ሬዲዮ እንደ ብልሹ ዕቃ ሊቆጠር ይችላል።

ጥፋቱ የሬዲዮው መሆን አለመሆኑን ለመለየት ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ ብቻ ማዳመጥ ይበቃል። እኔ ዘንድ የድምፁ አብዛኛው ክፍል ወዲያውኑ ጠፋ። አብሮ የመጣው ቻርጀር ኃይሉን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እያቋረጠና እየቀጠለ የሚለውጥ ዓይነት ስለሆነ፣ ከዚህ መቆራረጥ የሚፈጠሩት ሞገዶች እስከ ሜጋኸርዝ (በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ መርገብገብ)፣ ማለትም መካከለኛና አጭር ሞገድ እስከሚገኙበት ድረስ ይዘልቃሉ፤ ገመዱም እንደ አንቴና ሆኖ ይረጫቸዋል። ኤፍ ኤም ድምፅን የሚሸከመው በሞገዱ ጉልበት ሳይሆን በፍሪኩዌንሲው መለዋወጥ ስለሆነ ይህ ሁከት እምብዛም አይጎዳውም። ለእንዲህ ያለ ጥሩ ሬዲዮ እንዲህ ያለ ቻርጀር መጨመሩ በእውነቱ ያሳዝናል።

የቀረውን ሁከት ምንጭ ያገኘሁት ሬዲዮው በባትሪ እየሠራ የቤቱን ዋና ብሬከር አጥፍቼ፣ ከዚያም መልሼ አብርቼ ዕቃዎቹን በየተራ በመሰካት ነው፤ ጥፋተኛው አንድ የኤልኢዲ አምፖል ሆነ። እዚህ ላይ የሬዲዮው አሠራር ራሱ ረድቶኛል፤ መካከለኛ ሞገድን የሚቀበለው በውስጡ ያለ የፌራይት (ከብረት ኦክሳይድ የሚሠራ መግነጢሳዊ ቁስ) ዘንግ አቅጣጫ ስለሚለይ፣ ሬዲዮውን ቀስ እያሉ ሲያዞሩት ሁከቱ በጣም በሚደክምበት ጊዜ የዘንጉ ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ በምንጩ መስመር ላይ ይውላል። የቤት ሽቦ ሁከቱን ይዞ ሲዞር ግን ይህ ምልክት ሊደበዝዝ ይችላል።

አምፖሉን ቀየርሁት። የቻርጀሩንም ገመድ በፌራይት ቀለበት ውስጥ ደጋግሜ ጠመጠምሁት፤ ጥምጥሙ ሲበዛ የሚከለክለው ሁከት በፍጥነት ስለሚጨምር በአጭር ሞገድ ላይ ለውጡ ይሰማል፤ በመካከለኛ ሞገድ ላይ ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ ባትሪውን የምሞላው ሬዲዮው ጠፍቶ ሳለ ነው። በዚህ አያያዝ ሬዲዮውን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ ቻርጀሩ እንደተሰካ ቀኑን ሙሉ ማዳመጥ ለሚፈልግ ሰው ግን አይሆንም።