በደብረ ብርሃን ብርድ የተፈተነ ሞተሪኖ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ከጥቅምት መግቢያ ጀምሮ የምጠቀምበት ሞተሪኖ (ቁልፍ ሲዞር የመኪናውን ሞተር አሽከርክሮ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር) ባለ 12 ቮልትና 2 ኪሎዋት ሲሆን፣ ፍጥነት ቀናሽ ማርሽ በውስጡ የያዘ ዓይነት ነው። የተገጠመው ባረጀ የናፍታ ፒክአፕ ላይ ነው፤ መኪናው 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን ያድራል፣ ብዙውን ጊዜም ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይውላል። ውርጭንና ሙቀትን በአንድ ቀን ስለሚያይ ጠባዩ ቶሎ ተገልጧል።

የቀድሞው ሞተሪኖ ቁልፉ ሲዞር አንድ ጊዜ «ጠቅ» ብሎ ዝም ይል ነበር። ጠቅታውን በጥሞና ማዳመጥ ብዙ ወጪ ያድናል። በተከታታይ ጠቅ ጠቅ እያለ የዳሽቦርዱ መብራት የሚፈዝ ከሆነ፣ ችግሩ በአብዛኛው የደከመ ባትሪ ወይም የላላ የባትሪ ማሰሪያ ነው፤ መብራቱ እንደደመቀ አንድ ጠንካራ ጠቅታ ብቻ ከተሰማ ግን የሶሌኖይዱን (ለሞተሪኖው ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ማግኔታዊ ማብሪያ) የመዳብ ኮንታክቶች መጠርጠር ይገባል። የእኔው ሲፈታ አንደኛው መዳብ ጠቁሮና ጎድጉዶ፣ ጠርዙም ተበልቶ ተገኘ። መዳቡን ብቻ መቀየር ርካሹ መንገድ ነው፤ ይሁንና ለሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ካርቦኖችም አልቀው፣ ዘንጉን የሚይዘው ቡሽም ላልቶ ስለነበር ሙሉውን መቀየር መረጥሁ።

አዲሱ ሞተሪኖ በብርዱ ወራት አላሳፈረኝም። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ መስታወቱን አመዳይ በሚሸፍንበት ማለዳ፣ የሞተሩ ዘይት ወፍሮና የባትሪው ጉልበት ቀንሶ ሳለ፣ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ እስኪግሉ ከታገሥሁት ያለማቅማማት ያሽከረክራል። ድምፁ ከቀድሞው ቀጠን ያለ ነው። የማልወድለት የዋናውን ገመድ መያዣ የሚሸፍነውን ላስቲክ ነው፤ ስስ በመሆኑ በሙቀቱ ተሰነጣጥቋል፣ አሁን በቦታው ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ቁራጭ አለ።

በጥር ወር ሞተሪኖው ሞተሩን በዝግታ ማዞር ሲጀምር መካኒኩ ጥፋቱን ወዲያው በሞተሪኖው ላይ አላከከ። ከመፍታታችን በፊት በቴስተር እንዲለካ ጠየቅሁ። ባትሪው ሳይነካ 12.6 ቮልት ነበረው፤ ቁልፉ ተይዞ ሲለካ 10.4 አሳየ፤ ይህም ጤነኛ ነው፣ ከ9.6 በታች ቢወርድ ነበር የሚያሠጋው። በዚያው ቅጽበት በሞተሪኖው መግቢያና አካል መካከል ግን 9.1 ብቻ ደረሰ። ከአንድ ቮልት በላይ የሚሆነው መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ሌባው ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደው የኔጌቲቭ ገመድ ሆኖ ተገኘ፤ ከብሎኑ ሥር ዝገት ተጋግሮ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ሲጠብቅ አዟዟሩ ወደ ጥንቱ ተመለሰ።

መኪናውን አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት እያቆመ በግፊ ለሚያስነሳ ሰው ይህ ሞተሪኖ የሚያዋጣ ይመስለኛል፤ በተለይ ተራራው ላይ ከሚያድሩት ወገን ከሆነ። የቮላኖው (ሞተሪኖው የሚያዞረው የሞተሩ ትልቅ ጥርሳም ክብ) ጥርስ ከተበላ ግን አዲስ ሞተሪኖም አያድነውም፣ ሲነሳ የሚያፋጭ ድምፅ ያለው ሰው አስቀድሞ እሱን ያስመርምር። ከዚህ በተረፈ ቁልፉን ከ10 ሴኮንድ በላይ መያዝ አይገባም፤ ካልተነሳ አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፎ እንደገና መሞከር ነው። ከሻጩ የተቀበልሁት ዋስትና የተቃጠለ ጥቅልልን አይሸፍንም።