መጀመሪያ ዴሞ ወይስ መጀመሪያ መጠይቅ? የቢዝነስ ሶፍትዌር ለሚገዙ

የሂሳብ ወይም የኢአርፒ (ሂሳብን፣ ግዢን፣ ሽያጭንና ንብረትን አንድ ላይ የሚይዝ) ሶፍትዌር ለመግዛት የተነሳ ሁሉ የሚጠይቀው «አቅራቢዎቹን በቀጥታ ለዴሞ (ሶፍትዌሩን ሠርተው እንዲያሳዩኝ) ልጥራ ወይስ አስቀድሜ በጽሑፍ ልጠይቃቸው?» ብሎ ነው። ያለማመንታት በጽሑፍ።

ዴሞ ላይ የምታዩት ሻጩ የመረጠላችሁን ነው፤ ዳታው የጸዳ፣ ሪፖርቱ ቀድሞ የተሰናዳ። «ይህን ይሠራል?» ስትሉት «አዎ» ይላል። አዎ ያለው አብሮት የመጣ ይሁን፣ በሴቲንግ የሚስተካከል ይሁን ወይስ በተጨማሪ ክፍያ ኮድ የሚጻፍለት፣ አይታወቅም። መጠይቅ ላይ ግን ሦስቱን ለዩና ምልክት እንዲያደርግ፣ እንዲፈርምበትም አድርጉ። መልሱ ኋላ ከውሉ ጋር ይያያዛል።

መጠይቁ ከሁለት ገጽ አይለፍ፤ መቶ ጥያቄ ብትልኩ የሚመለስላችሁ ከብሮሹር የተገለበጠ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ላሉ አቅራቢዎች ላኩ፣ ሁለት ሳምንት ስጡ፣ ከመለሱት ሦስቱን ብቻ ምረጡ። ደረሰኝ መቁረጥማ ሁሉም ይችላል፣ እሱን ዝለሉት።

ዋናው ዋጋው ነው። «ስንት ነው?» አትበሉ። የ5 ዓመት ወጪ በየዓመቱ ተከፋፍሎ ይቅረብ፦ ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ)፣ ተከላ፣ የቆየ ዳታ ማዛወር፣ ሥልጠና፣ ድጋፍ። ዓመታዊው ድጋፍ የላይሰንሱ 20 በመቶ ከሆነ፣ በ5 ዓመት ላይሰንሱን ደግማችሁ ከፈላችሁ ማለት ነው። ላይሰንሱ የሚቆጠረውስ በስም የተመዘገበ ሰው ነው ወይስ በአንድ ጊዜ የገባ? በሦስት ፈረቃ እኩል የተከፈሉ 30 ሠራተኞች በመጀመሪያው 30 ላይሰንስ ሲያስከፍሉ፣ በሁለተኛው 10 ሊበቃቸው ይችላል። እድሳት ላይ የጭማሪ ጣሪያ መኖሩንም አስጽፉ።

ከዚያ ጥገና። ለእናንተ ተብሎ የተጻፈው ኮድ ቨርዥን ሲቀየር ሊሰበር ይችላል፤ ማን ያስተካክለዋል፣ በማን ወጪ? ኦዱ የተባለው የኢአርፒ ሶፍትዌር በየዓመቱ አዲስ ቨርዥን ያወጣል፣ የሚደግፈውም የመጨረሻዎቹን ሦስት ነው። ነጻ የሆነው የኮሚዩኒቲ እትሙ ደግሞ የተሟላ የሂሳብ ሞጁል የለውም። «ኦዱን በርካሽ» የሚል ወኪል ሲመጣ እትሙንና ቨርዥኑን በጽሑፍ ተቀበሉ። ኢሲሲ የተባለው የኤስኤፒ ኩባንያ የቆየ ኢአርፒ መደበኛ ድጋፍም ቢዘገይ እ.ኤ.አ. በ2027 መጨረሻ ያበቃል፤ በቅናሽ ቢቀርብላችሁ ቅናሹ የመጣው ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ውሉ ሲያልቅ ዳታችሁ በምን ፎርማት፣ በስንት ቀን፣ በስንት ክፍያ እንደሚመለስ ጠይቁ። ይህን ባዶ ትቶ የመለሰ አቅራቢ ከሦስቱ አይግባ።

ዴሞው ለቀሩት ሦስቱ ነው፣ ያውም በራሳችሁ ዳታ፦ ተመላሽ ዕቃ፣ በከፊል የተከፈለ ሂሳብ፣ ወሩ ከተዘጋ በኋላ የተሰረዘ ደረሰኝ።