የጤና ጥናት፦ ለየብቻ ወይስ በጋራ?

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ህግ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች በየ3 ዓመቱ የአካባቢያቸውን የጤና ችግር እንዲያጠኑ ያስገድዳል፣ ለየብቻም ተባብሮም መስራት ይቻላል። ለየብቻ ሲሆን ይፈጥናል፣ ማንንም አትጠብቅም፣ ግን አንድን ሰፈር ሶስት ሆስፒታል እየመጣ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቀው ሰዉ ይሰለቻል (እኔም ብሆን በሬን እዘጋ ነበር) ዳታውም አይገጣጠምም፣ አንዱ ዋናው ስኳር ነው ሲል ሌላው ድብርት ይላል።

በጋራ ሲሆን ደሞ ስብሰባው አያልቅም፣ ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ራሱ ጭቅጭቅ ነው፣ ተፎካካሪ ስለሆኑም ዳታ መስጠት ይፈራሉ። ግን አስም ያለበት ልጅ ቤቱ ሻጋታ ከሆነ አንድ ሆስፒታል ብቻውን ምን ያደርጋል? የቤቶች ቢሮ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ቢሮ አብረው ሲቀመጡ ነው ነገሩ የሚንቀሳቀሰው። እኔ በጋራ ባይ ነኝ፣ ግን ስራዬ ብሎ የሚያስተባብር ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ካለ ብቻ።