«ኩላሊት ያጥባል» እየተባለ የሚሸጠውን የኮኮናት ውሃ እንዳትገዙ

ሰሞኑን የታሸገ የኮኮናት ውሃ በቴሌግራምና በቲክቶክ በካርቶን የሚሸጡ በዝተዋል። «ኩላሊት ያጥባል፣ ግፊት ያወርዳል፣ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ከኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ ከሚጠጣው የተቅማጥ ዱቄት) ይበልጣል» ይላሉ። አክስቴ የኩላሊት ታማሚ ናት፤ ይህንን ስላመነች አንድ ካርቶን ቤቷ ድረስ አስመጣች። ሳትጀምረው ሐኪሟ ስለከለከላት ተረፈች። ሻጩ ግን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ስልኩን ዘጋባት።

ገንዘቡስ ይቅር። የሚያስፈራው በውስጡ ያለው ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ነው። አንድ ብርጭቆ የኮኮናት ውሃ ከ400 እስከ 600 ሚሊግራም ፖታሲየም ይይዛል፤ የአንድ ሙዝ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ማለት ነው። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል። የደከመ ኩላሊት ግን ማስወጣት ስለሚያቅተው ፖታሲየሙ ደም ውስጥ እየተጠራቀመ የልብ ምትን ያዛባል፤ ልብን እስከማቆምም ሊደርስ ይችላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ አስቀድሞ ምልክት አይሰጥም። ብዙዎቹ የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ላይ ያሉ ሰዎች ሙዝ፣ ብርቱካንና ቲማቲም እንዲቀንሱ የሚመከሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ለእነዚሁ ሰዎች «በየቀኑ ሁለት ጠጡ» ብሎ መሸጥ በሰው ነፍስ መነገድ ነው።

የደም ግፊት ያለባችሁም ተጠንቀቁ። ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የምትወስዱ ከሆነ መድኃኒቱ ራሱ ፖታሲየም ሰውነት ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል። ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

የልጆቹ ነገር ደግሞ እንቅልፍ ይነሳኛል። ተቅማጥ ከልጅ የሚወስደው ውሃና ጨው ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር የሚዘጋጀው ኦአርኤስ በአንድ ሊትር 75 ሚሊሞል ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ማዕድን) እና 75 ሚሊሞል ግሉኮስ (ስኳር) አለው። አንጀት ሶዲየሙን ከግሉኮሱ ጋር አብሮ ይስበዋል፤ ውሃውም እነሱን ተከትሎ ይገባል። በብርጭቆ ሲሰላ ሶዲየሙ 400 ሚሊግራም ገደማ ነው። አብዛኛው የታሸገ የኮኮናት ውሃ ግን በብርጭቆ 100 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። እናቶች፣ እባካችሁ፣ ኦአርኤሱን በኮኮናት አትተኩት። አንዱን ፓኬት መጠኑ ላዩ ላይ በተጻፈው ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት። ልጁ መጠጣት ካቃተው ወይም ከፈዘዘ ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አክስቴ የተላከላት ደግሞ ንጹሕ የኮኮናት ውሃም አልነበረም። ቆርቆሮው ፊት ለፊት ላይ አረንጓዴ ኮኮናት ተስሏል፤ ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ግን «የኮኮናት መጠጥ» ነው። የይዘት ዝርዝር የሚጻፈው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነውና፣ መጀመሪያ ላይ «ውሃ፣ ስኳር» ካያችሁ የምትከፍሉት ለስኳር ውሃ ነው። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ይህን ሳታነቡ አትክፈቱት። ንጹሑም ቢሆን የራሱ ስኳር አለው።

ኩላሊቱ ደህና ለሆነ፣ እነዚያን መድኃኒቶች ለማይወስድ፣ ጣዕሙን ለሚወድ ሰው፣ በተለይ በጾም ወቅት፣ አንድ ብርጭቆ ንጹሕ የኮኮናት ውሃ ጉዳት የለውም። ጥም ለመቁረጥ ብቻ ከሆነ ግን ተራ ውሃ ይበቃል፤ በአንዱ ቆርቆሮ ዋጋ ብዙ ሊትር ትገዛላችሁ።

እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ካያችሁ ስክሪንሾት አንሱ። ከገዛችሁም ቆርቆሮውንና የከፈላችሁበትን ማስረጃ ሳትጥሉ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ደውላችሁ አመልክቱ። እኛ አመልክተናል።