ውሃ አፍልቶ ለሚያሳያችሁ ሻጭ ዘይት ይዛችሁ ሂዱ

የድሬ ልጆች፣ ሐረር ያላችሁም፣ የዓሣ መጥበሻ ማሽን ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። ያቺን በጋዝ የምትሠራዋን፣ አራት እግር ያላትን፣ ጎኗ ላይ የዘይት ማፍሰሻ ቧንቧና ሰዓት የመሰለ የሙቀት መለኪያ ያላትን ማለቴ ነው። መኪና ላይ ጭናችሁ የትም ይዛችኋት ትሄዳላችሁ ተብላ ሰሞኑን በየሱቁ በር ታብለጨልጫለች። እኔ በ9,800 ብር ገዛኋት። አንድ ቀን ሠራችልኝ። አንድ ቀን ማለቴም ማጋነን ነው፣ ሃያ ደቂቃ ቢሞላት ነው።

የሱቁን ስም አልጽፍም። ያችኑ ዕቃ ሌላ ሁለት ቦታ አይቻታለሁ። ሱቁን ከማወቅ ዕቃዋን ማወቅ ይሻላችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሬ ላይ የምንበላው ዓሣ ከሩቅ ተጭኖ የመጣ ነው። ትኩስ ያማረው ሰው የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረማያ ድረስ መሄድ አለበት። ያ ደርቆ ሜዳ ሆኖ የነበረው ሐይቅ ውሃው ከተመለሰለት ወዲህ እኛ ቤት ልማድ ሆኗል፣ አንዳንድ እሁድ ብቅ እንላለን። ልጆቹ መረባቸውን ስበው ሲያወጡ ቆሮሶውን እየተንፈራገጠ ትገዛላችሁ። ችግሩ መጥበሻው ላይ ነው። ከሰል ይዘን ስንሄድ ነፋሱ አመዱን ዓሣው ላይ ይበትነዋል። የቤቱን ምድጃ ይዘን ስንሄድ ደግሞ እሳቱ አቅም የለውም። ስለዚህ ማሽኗን ሳያት ልቤ ቶሎ ሄደ።

ሻጩ ሥራውን ያውቃል። ገና ዋጋ ሳልጠይቅ "ዋሪያ፣ ና እስቲ እሳቷን እያት" አለኝ። ሲሊንደር ከፍቶ ለኮሳት። ግማሿ ድረስ ውሃ ሞላባት። እሳቷ ሰማያዊ ሆና ጮኸች። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ተንፈቀፈቀ። አንድ ጠብታ አልወጣም። ቧንቧዋን በመዳፉ መታ መታ አደረጋትና "የዱባይ ዕቃ ናት፣ ስቴንለስ፣ ለልጅ ልጅህ ትተርፋለች" አለ። ማግኔት አውጥቶ አስጠጋባት፣ አልያዘም፣ ሸርተት ብሎ ወደቀ። እኔ እዚያ ላይ አለቀልኝ።

ዋጋዋ 11,500 ነበር። "ደረሰኝ ካልፈለግክ በ9,800 ውሰዳት" አለኝ። አቦ፣ 1,700 ብር ማን ይጠላል? ተስማማሁ። ይቺን ልብ በሉልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እሁድ ጠዋት ከባለቤቴ፣ ከሁለቱ ልጆቼና ከባለቤቴ ወንድም ጋር ወጣን። አሥራ አራት ቆሮሶ ገዛን። እዚያው ቅርፊቱን ፍቀን፣ ሆዱን ጠርገን፣ ጎንና ጎኑን በቢላ ሸንተር ሸንተር አድርገን በጨውና በሎሚ አሸነው። አምስት ሊትር ዘይት ገለበጥኩባት። ላይዋ ላይ "10 ሊትር" ይላል፣ አምስቱ ግን ሦስት አራተኛዋን ሞላው። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ዘይት ከግማሽ ማለፍ የለበትም፣ እርጥብ ዓሣ ሲገባበት ተነስቶ ይገነፍላል።

መለኪያዋ ላይ መርፌው 180 ሲደርስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓሣዎች ለቀቅኩ። ጸጥ። ዘይቱ ውስጥ ጋደም ብለው ተኙ። የባለቤቴ ወንድም "ይሄ ጥብስ ነው ቅቅል?" አለ። እሳቱን ጨመርኩ። መርፌው እስከ መጨረሻው ሄዶ ተገተረ፣ ዘይቱ ግን ገና መሞቁ ነበር። ከቆይታ በኋላ መንጫጫት ጀመረ። ያን ጊዜ ሌላ ነገር ሆነ፣ ዓሣው ወርቅ መሰለ፣ ልጆቹ ሰሃን ይዘው ተሰለፉ። ሁለተኛውን ዙር ስጨምር ከታች "ጭስስ" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቧንቧዋ ከገንዳዋ ጋር ከተያያዘችበት ሥር ዘይት ይንጠባጠባል። ላልታ ይሆናል ብዬ ነበር። አልነበረም። ቧንቧዋን የያዘው ብረት ራሱ እንደ ሰም ረጥቦ ያብረቀርቃል። ዓይኔ እያየ ቧንቧዋ ቀስ ብላ አዘነበለች። ከዚያ ዘይቱ እንዳለ ወደ እሳቱ ወረደ።

ነበልባሉ ከወገቤ በላይ ወጣ። ባለቤቴ ልጆቹን ጎትታ ሸሸች። እኔ ሞኙ ወደ ውሃ ጄሪካኑ ሮጥኩ። "ውሃ ተው! ውሃ ተው!" ብሎ የጮኸብኝ ዓሣውን የሸጠልን ልጅ ነው። ደረቅ አፈር በሁለት እጁ እየዘገነ በተነበት። የባለቤቴ ወንድም ሲሊንደሩን ዘጋ። ለዚያ ልጅ ዕድሜ ይስጠው። ውሃ የጋለ ዘይት ላይ ሲደፋ ወደ ሥር ይሰምጥና ባንዴ እንፋሎት ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ ወደ 1,700 ሊትር ገደማ እንፋሎት ነው የሚሆነው። የሚቃጠለውን ዘይት አንስቶ ፊታችን ላይ ይረጨው ነበር። እሳቱ ገንዳው ውስጥ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጋዙን ዘግቶ በክዳን ማፈን ነው።

የቀኝ እጄ ፀጉር ተለበለበ፣ ጫማዬ ቀለጠ። ሌላ የተጎዳ የለም፣ ተመስገን። ዓሣው አፈር በላ።

ሰኞ ማሽኗን ተሸክሜ ወደማውቀው በያጅ ሄድኩ። አገላበጣት። ኪሱ ውስጥ የነበረ ቁልፍ አውጥቶ ቧንቧዋ የነበረችበትን ቦታ ፈቀቅ አደረገው። ቁልፉ እንደ ሳሙና ገባበት፣ የሚያበራ ጭረት ትቶ ወጣ። "ይሄኮ ብየዳ አይደለም" አለ። "ስታኞ ነው።"

ስታኞ ሬዲዮ ጠጋኞች በካውያ እያቀለጡ ሽቦ የሚያያይዙበት ነው። የተለመደው ዓይነት የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ ነው፣ 183 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ይጀምራል። ዓሣ ደግሞ በደንብ የሚጠበሰው ከ175 እስከ 190 ዲግሪ ባለው ዘይት ነው። አያችሁልኝ? ማሽኗ የምትበላሸው ሥራዋን በትክክል መሥራት ስትጀምር ነው። ውሃ ግን ምንም ያህል እሳት ቢነድበት ከመፍያው አያልፍም። ድሬ ከባሕር ወለል ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሐረር ከፍ ስለምትል እዚያ 94 አካባቢ ላይ ይፈላል። ሻጩ ቀኑን ሙሉ ውሃ ቢያፈላባት ስታኞው ንቅንቅ አይልም። ሙከራው እውነተኛ ነው፣ ግን የሌላ ዕቃ ሙከራ ነው። ለጀበና ቢሆን አጨበጭብለት ነበር።

እርሳሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ባይፈስ ኖሮ ልጆቼ እርሳስ የነካውን ዘይት እየበሉ ይከርሙ ነበር። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ የታወቀ ነው።

የማግኔቷን ነገር ስነግረው በያጁ ሳቀ። ላሜራዋ ስስ ብትሆንም ስቴንለስ ናት፣ እዚያ ላይ አልዋሸም። ማግኔት ግን ስለ መጋጠሚያው ምን ያውቃል? አሉሚኒየምንም ማግኔት አይዘውም። ማግኔት የሚይዘው ደህና ስቴንለስም አለ። ስለዚህ ማግኔት አውጥቶ ለሚያሳያችሁ ሰው ብዙ አትደነቁለት።

ልትገዙ ከሆነ ቧንቧዋ ከገንዳዋ የተያያዘችበትን ከውስጥም ከውጭም እዩ። እዚያ ላይ ግራጫ፣ ለስላሳ፣ የቀለጠ ሻማ የመሰለ ነገር ካለ በቁልፍ ጫሩት። ከተጫረ ትታችሁ ሂዱ። ደህና ብየዳ ቁልፍ አይገባበትም። ከሁሉ የሚሻለው ቧንቧ የሌላት ገንዳ ናት፣ ከአንድ ላሜራ ተጨፍልቃ የወጣች፣ ምንም ስፌት የሌላት። ዘይቱን ከቀዘቀዘ በኋላ ገልብጦ ማጥለል እጅ አይሰብርም። ግድ ቧንቧ ያላትን ካላችሁ ዘይት ይዛችሁ ሂዱና ሻጩ ፊት ዘይቱን እስከ መጥበሻው ሙቀት ያግልላችሁ፣ እናንተ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

የሻጩ ውሃ ለአንድ ነገር ግን ይጠቅማችኋል። ውሃው ሲንፈቀፈቅ መለኪያዋን አንብቡ። ድሬ ላይ 96 አካባቢ ማለት አለባት። የኔዋን በኋላ የተረፈውን ቧንቧ በሽቦ አስሬ ሞከርኳት፣ በፈላ ውሃ 140 አለች! 180 ብላኝ ዓሣው የተኛው ለዚህ ነው።

እንደውም መለኪያ ለምን ያስፈልጋል? በሰፈራችን ባጊያና ሳንቡሳ የሚጠብሱ እናት አሉ። ጉዴን ሰምተው "የኔ ልጅ፣ ዘይት በሊጥ ነው የሚጠየቅ" አሉኝ። ጥፍር የምታህል ሊጥ ጣል ያደርጋሉ። ሥር ከቀረች ገና ነው። ወዲያው እየተንጫጫች ከወጣች ደርሷል። ጣል እንዳደረጓት ከጠቆረች እሳቱ ይቀነስ። መርፌ የላቸውም፣ አንድም ቀን ያልበሰለ ባጊያ አልበላሁባቸውም።

የጋዙን ነገር ባጭሩ ልበል። ከማሽኗ ጋር የመጣው የጋዝ ጎማ ፋሼታ፣ ማለትም ጎማውን አጥብቆ የሚይዝ የብረት ቀለበት፣ አልነበረውም፣ እንዲሁ ነው የተሰካው። ሳሙና አረፋ ቀቡት፣ አረፋው ካበጠ ይተነፍሳል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ቁማችሁ ላይሸታችሁ ይችላል።

አሁን ወደ ደረሰኟ። ማክሰኞ ሱቁ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ተለጥፏል፣ ስገዛ አላየሁትም ነበር። ሻጩ ቀዳዳውን አየና "ዘይቱን አብዝተህ አግለኸው ነው" አለኝ።

"መጥበሻ አይደለችም እንዴ?"

"ናት። ግን በልኩ ነዋ።"

ተከራከርን። መጨረሻ ላይ ቅር እንዳይለኝ ብሎ "በነፃ እናስበይድልሃለን" አለ። በምን? በስታኞ። ወላሂ ሳቄ መጣ።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ባለ 813/2006 ቁጥሩ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። እኔ ከእሳቱ በኋላ በሁለተኛው ቀን ነበር የሄድኩት። ግን ምን ይዤ? "ከኔ ለመግዛትህ ማስረጃ አለህ?" ሲለኝ አፌ ተያዘ። 1,700 ብር ያተረፍኩ መስሎኝ 9,800 አስከትዬ ሰጠሁት፣ ስም ይውጣለት ካላችሁ ይሄ ነው የኔ ቅናሽ። ንግድ ቢሮ ሄጄ አመልክቻለሁ፣ ተቀብለውኛል። መጀመሪያ የጠየቁኝ ግን ያንኑ ወረቀት ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለኔ ብር አይደለም። ተደራጅተን መንገድ ዳር ዓሣ እንጠብስ የሚሉ ልጆች ይቺኑ ማሽን ሲያጠያይቁ ሰምቻለሁ። እኔ ሜዳ ላይ ነበርኩ። እነሱ ደንበኛ ተሰልፎ፣ ሲሊንደሩ እግራቸው ሥር ሆኖ ነው የሚጠብሱት።

ባለፈው ቅዳሜ በሱቁ በር አለፍኩ። አዲስ አንዷ ወጥታለች። ሦስት ሰዎች ከበዋት ቆመዋል። ውሃው እየተንፈቀፈቀ ነበር።