ባለ 3 ፓኔሉ የሶላር ፓምፕ፦ ውሃ ያወጣል፣ መካኒኩን ግን ከሥራ ያስወጣል

ከቆጋ የመስኖ ቦይ በታች ማሳ ያለው ሰው ውሃው በራሱ ስለሚወርድለት ይህን ግምገማ ቢዘለው አይጎዳም። ከቦዩ በላይ ያለው፣ ወይም ከወንዝና ከጉድጓድ በቤንዚን ሞተር የሚስበው ግን የነዳጅ ድጎማ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ ሒሳቡን ደጋግሞ ሠርቷል። ባለ 3 ኢንቹ ሞተር በሰዓት ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ይጠጣል።

የምንገመግመው ባለ 330 ዋት 3 ፓኔሎች፣ ኮንትሮለር (ከፓኔሎቹ ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠር ሳጥን) እና ፓምፕ ያሉበትን ጥቅል ነው። በጠራ ቀን ውሃን 10 ሜትር ከፍ አድርጎ ከ50 እስከ 60 ሜትር ኩብ ይሰጣል። ሽንኩርት በበጋ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ በቦይ ሲጠጣ የሚባክነው ሲታከልበት ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 21 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ለሁለት ጥማድ ይበቃል። ይህ ግን ለወንዝ ዳር ነው። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ በቀን ያን ያህል ስለማያመነጭ 3 ፓኔል ለእሱ ትርፍ ወጪ ነው።

«ከ7 ሜትር ይስባል» የሚለውን የማኑዋል ቃል አትመኑ፤ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ግፊት ያንሳል። ከውሃው ከ5 ሜትር በላይ ርቆ የተቀመጠ ፓምፕ ያንኳኳል፣ ኢምፔለሩም (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክንፍ) ይበላል። ከዚያ ለጠለቀ ሰብመርሲብል (ውሃው ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ፓምፕ) ግዙ። ጠመዝማዛ ሮተር ያለው ዓይነት ደግሞ ውሃ ሳይኖር ከሠራ የውስጥ ጎማው በደቂቃዎች ስለሚቃጠል የውሃ ሴንሰሩ ሳይገጠም እንዳይነሳ።

ፓኔሉ ወደ ደቡብ ይዙር፣ 15 ዲግሪ ያህልም ይዘንበል። አንዱን ፓኔል የባሕር ዛፍ ጥላ ቢነካው በተከታታይ የታሰሩት ሦስቱም ይደክማሉ። አራተኛ መጨመር የሚያምራችሁም ቆም በሉ፦ የሦስቱ ቮልቴጅ ፓምፑ ሳይነሳ 138 ገደማ ሲሆን በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ወደ 146 ይወጣል። የኮንትሮለሩ ጣሪያ 150 ከሆነ አራተኛው ያቃጥለዋል።

እስከዚህ ዕቃው ጥሩ ነው። ነጥብ የምንቀንሰው አገልግሎቱ ላይ ነው። ሻጩ ባለሙያ ከከተማ ይልካል፣ ኮንትሮለሩን ያሽጋል፣ «ሌላ ሰው ከነካው ዋስትናው ፈረሰ» ይላል። በጥር ፓምፑ ቢቆም ሽንኩርቱ ባለሙያ እስኪመጣ አይጠብቅም። የመርዓዊ ወይም የዱርቤቴ ሞተር ጠጋኝ ግን የሥራውን ግማሽ ቀድሞውኑ ያውቃል፦ የመሳቢያ ቱቦው አየር የሚያስገባበትን መፈለግ፣ ፉት ቫልቭ (በቱቦው ጫፍ ውሃው እንዳይመለስ የሚይዘውን) ማጽዳት፣ «ሲል» (ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገውን ክፍል) መቀየር። የሚቀርበት ካርቡሬተርና ካንዴላ ነው። አዲስ የሚማረው በዲሲ (ከፓኔል በሚወጣው ቀጥተኛ ጅረት) 600 ቮልት የሚችል ቴስተር መጠቀም፣ የፓኔል ማያያዣ በትክክለኛው ፒንሳ መጭመቅ፣ ገመድ ከመንቀሉ በፊት ማብሪያ ማጥፊያውን መዝጋት ነው፤ የዲሲ ብልጭታ እንደ መብራት ኃይሉ ቶሎ አይጠፋምና እጅ ያቃጥላል። ይህ ረጅም ኮርስ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሻጩን ፈቃደኝነት ነው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ውሉ ላይ አስጽፉ፦ የአካባቢው መካኒክ በተከላው ቀን አብሮ እንዲሠራና ዋስትናው ላይ እንዲመዘገብ፤ «ሲል»፣ ፊውዝና ማያያዣ ከእሱ ዘንድ በመጠባበቂያ እንዲቀመጥ። እምቢ ያለ ሻጭ ዋጋው ቢረክስም ይቅርባችሁ። ሞተር በሰዓት የሚያከራየውም ሰው ፓኔሎቹ በጋሪ ላይ ከተገጠሙለት ያንኑ ሥራ ይቀጥላል።

ጥቅሉን በማኅበር ለሚገዙ፦ በቤንዚን ጊዜ ተራ በሰዓት ይከፈል ነበር፤ ሶላር ግን ደህና የሚገፋው ከ4 እስከ 9 ሰዓት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተራ የደረሰው ከሌላው እኩል ከፍሎ ጥቂት ውሃ ያገኛል፣ ጠቡም ከዚያ ይነሳል። ወይ ተራውን በየሳምንቱ አዟዙሩ፣ ወይ መውጫው ላይ ቆጣሪ ገጥማችሁ በሜትር ኩብ ተካፈሉ። የወንዝ ውሃ ደለል ቆጣሪውን ስለሚያስቆመው ከፊቱ ወንፊት ይግባለት።